ከሥዕል ላይ ግላስ ያወረዱት አበልጄ

አበልጄ አቶ መኳንንት አርፈዋል። ያልሰማችሁ ስሙ። መርዶው ሲደርሰኝ አዲስ ቅዳም ከሴት ልጄ ቤት ነበርሁ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ ከዚያ የደዋይዋን ለቅሶ። ሌላ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ዳንግላ ተነሣሁ።

የሰፈሩ ወጣቶች «እማማ፣ እርስዎ ይናገሩልን፣ እኛ እንጽፋለን፤ ለአርባቸው ይነበባል» ብለው ለመኑኝ። የአስኳላ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ንግግሬም እንደ እግሬ ነው፤ ዳንግላ ወንድ ልጄ ዘንድ፣ አዲስ ቅዳም ሴት ልጄ ዘንድ፣ እንጅባራ እህቴ ዘንድ ሲል የኖረ እግር ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ታገሡኝ። እሺ ያልሁበት አንድ ምክንያት አለኝ። በቀብራቸው ዕለት አንድ ሰውዬ ማይክ ይዞ ሲናገር ሰምታችኋል። አቶ መኳንንትን «የጥበብ ወዳጅ» አላቸው። ቅንጣት አላፈረም። ከሙዚየሙ በር ያባረራቸው እሱ ነው።

አቶ መኳንንት የልጄ የደሳለኝ የክርስትና አባት ናቸው፤ አበልጅነታችን ከዚያ ይጀምራል። ጢማቸው ሳይወጣ ጀምረው ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነድተዋል። ሌላው ባለጋሪ አለንጋ ሲያጮህ እሳቸው ለፈረሳቸው በአገውኛ ያወሩለት ነበር። እኔ አገውኛ እምብዛም አልሰማም፤ ፈረሱ ግን ይሰማ ነበር። ዳገት ሲደርሱ ወርደው በእግራቸው ያዘግማሉ፤ ተሳፋሪውን ግን ውረድ አይሉም። አንድ ጊዜ አንድ ወፍራም ነጋዴ ከነጆንያው ተንሰራፍቶ፣ እሳቸው ከፈረሱ ጎን ጎን እያለከለኩ ሲወጡ አይቼ ስቄባቸዋለሁ። የወለደች ሴት ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ ሲመልሱ ደግሞ ከመንገዱ ድንጋይ አንዷን እንኳ ጎማቸው አይረግጣትም፤ ዙረው ዙረው ያደርሷታል። ደሳለኝን ወልጄ እኔን የመለሱኝም እንዲሁ ነው።

አመሻሽ ላይ ኮርቻውን ካወረዱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከፈረሱ ትከሻ እስከ ወገቡ ያሳልፋሉ። ትኩስ የሚል ቦታ ከነካቸው በማግሥቱ ጋሪ የለም፤ ፈረሱ ሣሩን እየጋጠ ይውላል፣ እሳቸው ጦማቸውን ይውላሉ። «ፈረስ ወይ አይልም፤ እጅሽ ካልሰማው ማን ይሰማዋል?» ይሉኝ ነበር።

በዚህ የተነሣ ስም ነበራቸው። ገጣባ፣ ማለት ኮርቻ የላጠው፣ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ፣ ከመኳንንት ቤት ወጥቶ አያውቅም ይባል ነበር። ገዢና ሻጭ በፈረስ ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው፤ እሳቸው «ይኸ ጤነኛ ነው» ካሉ የሚከራከር የለም። ልጅ አልወለዱም፣ ሚስታቸውም ቀድማቸው ሄዳለች። ያቺ ስማቸው ነበረች ያለቻቸው።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ፤ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነውና። ከሰባት ዓመት በፊት በክረምት አንዲት ፈረንጅ ዳንግላ መጣች። ስሟ ሂልካ፣ አገሯ ፊንላንድ፤ ግማሹን ዓመት በረዶ የሚሸፍነው አገር ነው አሉ። ሠዓሊ ናት፣ በአገሯም የታወቀች። ከጋሪ ማቆሚያው ዳር ጃንጥላ ተክላ፣ የጭቃ ቦቲ ተጫምታ፣ ቀኑን ሙሉ ትቀመጥ ነበር። ባለጋሪዎቹ መጀመሪያ ፀጉራቸውን እያበጠሩ ፊቷ ይቆሙ ነበር። አንዱማ ፈረሱን በሳሙና አጥቦ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ክር አስሮ አመጣላት። እሷ በአስተርጓሚዋ በኩል እባክህ አዙረው አለችው። የምትፈልገው ጀርባውን ነው።

«አገሯ ጀርባ የለም እንዴ?» አለ አንዱ።

«አለ፣ በረዶ ሸፍኖባት ነው» አለው ሌላው።

እኔም ሳልፍ ሳገድም አይቻት ንቄያታለሁ፤ አልዋሽም። ይኸን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የጋሪ ፈረስ ጀርባ ለማየት መምጣት ምን የሚሉት ሥራ ነው ብያለሁ።

በዚያው ዓመት አቶ መኳንንት ፈረሳቸውንና ጋሪያቸውን ሸጠው እንጅባራ ውስጥ አንድ ማኅበር በከፈተው ሙዚየም ጥበቃ ሆነው ገቡ። ሙዚየም ይሉታል እንጂ ሁለት ክፍል ነው፤ አንድ የተቀደደ ጋሻ፣ ሦስት እንሥራ፣ አንድ ማን እንደሠራው የማይታወቅ በርጩማ። ጉም ሲወርድ ግድግዳው ያለቅሳል። አሁን ተዘግቷል፣ ማንም አላለቀሰለትም። የማኅበሩ ኮሚቴ ነው እንግዲህ የፈረንጇን ሥዕሎች እናሳይ ብሎ የተነሣው። ሰብሳቢው ያ ባለማይኩ ሰውዬ ነበር። ሥዕሎቹን አንዱም አላያቸውም፤ ፈረስ ሣለች ሲባል ሰምተው የበዓል ፈረስ፣ ያጌጠ፣ የሚጋልብ፣ ነጭ የለበሰ ሰው የተቀመጠበት መስሏቸዋል። ባነሩን እንኳ በዚያ ፈረስ ፎቶ አሳትመው ከበሩ ላይ ሰቀሉት። ሠዓሊዋ ያልሣለችውን ሥዕል ከበር ሰቅሎ የሷን ኑና እዩ ማለት እንዲህ ነው።

የሆነውን አቶ መኳንንት ነገሩኝ። በዋዜማው ሥዕሎቹ ተጠቅልለው መጡ፤ ሲፈቱ ሰብሳቢው ክው አለ። ያጌጠ ፈረስ የለም፣ የዳንግላ ጋሪ ፈረስ ነው። ዝናብ የመታው ጎን፣ ልባብ የበላው አፍንጫ፣ በአራቱ ላይ ደግሞ ገጣባ፤ ቁስሉ ከነዝንቡ። «ገጽታችን ጠፋ!» አለ። እንግዶቹ ተጠርተዋል፣ ፈረንጇ ባሕር ዳር ሄዳ የምትመለሰው በማግሥቱ ነው፣ መሰረዝ አይቻልም። ምን መላ ቢያገኙ ጥሩ ነው? ከፈረሰኞች ቤት ግላስ አስመጡ። ፈረስ ለበዓል ሲያጌጥ ከጀርባው የሚጣለው፣ ቀይና አረንጓዴ፣ ዘርፍ ያለው ጨርቅ። አራቱን ግላስ በአራቱ ሥዕል ላይ አንጠልጥለው ከላዩ በምስማር መቱት። የተሣለን ፈረስ ልብስ አለበሱት! ሰባት ዓመት ሙሉ አስቤ ከዚህ የባሰ ሞኝነት አላገኘሁም። ፈረሱ ሲቆስል የመጣ ሰው የለም፤ ቁስሉ ሲታይ ግን ኮሚቴ ተሰበሰበ።

ምስማሩን የመቱት አቶ መኳንንት ናቸው፤ ታዘው። «ምስማሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀብኝ» አሉኝ። ብርድ ነው ብዬ አለፍሁት።

የመክፈቻው ዕለት ከእህቴ ቤት ተነሥቼ ሄድሁ፤ ይምጡ ብለውኝ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተባለው አምስት ሰዓት ተጀመረ። የክብር እንግዶች በመኪና መጡ፤ እያንዳንዳቸው ፊት የውኃ ጠርሙስ ተደረደረ፣ በዚያ ብርድ ማን እንደሚጠጣው እንጃ። ሰብሳቢው ተናገረ፣ ሌላው ተናገረ፣ ሦስተኛው ፊንላንድን ስዊድን እያለ ተናገረ፤ ማንም አላረመው። ሦስቱም በዓይነቱ ልዩ የሆነ አሉ። አንዳቸውም ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል አላነሡም። ሪባን ተቆርጦ ስንገባ ደግሞ ሁሉም ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ፎቶ መነሣት ጀመረ። ፈረንጇ የፈረስ ጀርባ ልታሳይ መጥታ የሰው ጀርባ አየች።

ሥዕሎቹን እኔ አይቻቸዋለሁ፤ ሌላ የሚያያቸው ስለሌለ ቦታው ሰፊ ነበር። ደስ አላሉኝም። እኔ የማውቀው ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየኛል፣ ክፉው በአንድ ዓይኑ ያጮልቃል፣ ማን ማን እንደሆነ እለያለሁ። የሷ ግን ዓይን የለውም። ራስ የለ፣ እግር የለ። አንዱ እርጥብ የጋሪ ጎማ ብቻ ነው። በትልቁ ላይ፣ የበር ያህል በሚሆነው፣ ከግላሱ ሥር የወጣ ሰማያዊ ቀለም አየሁ። ሰማያዊ ፈረስ የት አገር አለ ብዬ ከንፈሬን ነከስሁ።

ሂልካ ከፎቶው ተላቃ ስትዞር ነው ግላሱን ያየችው። አንገቷ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ከትልቁ ሥዕል ፊት ቆመች፣ ከዚያ አስተርጓሚዋን ጠርታ ማን አለበሳቸው ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ የአገራችን የክብር ልብስ ነው፣ ለክብርሽ ነው አላት። ሲዋሽ ጥርሱ ያምራል።

አቶ መኳንንት ከበሩ ዳር ነበሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበር ላይ አኖሩ። እያነከሱ ሄዱና የመጀመሪያውን ግላስ ከምስማሩ አላቀው አወረዱ፤ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ትልቁን ሲያወርዱ ሁላችንም አየነው፤ ሙሉው ጀርባ ሰማያዊ ነው፣ ከመካከሉ የመዳፍ ያህል ቀይ ገጣባ። እንዲህ የተሣለ ቁስል አይቼ አላውቅም። ያመኛል እንዴ ብዬ ትከሻዬን ነካሁ።

ከክብር እንግዶቹ አንዱ አፍንጫውን ይዞ ምን ዓይነት አውሬ ነው ፈረስን እንዲህ ያደረገ አለ። ሰብሳቢው መውጫ አገኘ። ጥፋቱ የሱ መሆኑ ቀርቶ የባለጋሪው ሆነ። የባለቤቱ ስም ይነገር፣ ዛሬውኑ ጋሪው ይታገዳል፣ ሁለተኛ ፈረስ አይነዳም፣ ለሌላውም መቀጣጫ ይሆናል እያለ ደረቱን ነፋ። ወደ ፈረንጇ ዞሮ ትንገረን አለ። እሷ የሣለችውን ፈረስ ሁሉ ከነባለቤቱ ስም የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። አስተርጓሚው ሲነግራት ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የሚሉትን ሁሉ የተረዳች አይመስለኝም።

«አትድከሚ» አሉ አቶ መኳንንት። «ፈረሱ የእኔ ነበር።»

«የአንተ?» አለ ሰብሳቢው።

«የእኔ። ያቆሰልሁትም እኔ ነኝ። ጋሪዬን ሽጬዋለሁ፤ የምታግዱት ካገኛችሁ አግዱ።»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ብዙው ሳቀ። ሂልካ አስተርጓሚዋ ሲነግራት አቶ መኳንንትን አየቻቸው፣ ብዙ አየቻቸው፣ ደብተሩን ሳትገልጥ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ሰብሳቢው ከነገ ጀምረህ እንዳትመጣ አላቸው። አባቱ ሊሆኑ የሚችሉትን ሰውዬ አንተ ብሎ። እሳቸው ኮፍያውን የማኅበሩ ነው ብለው እዚያው ወንበር ላይ ከግላሱ ጋር ትተውለት ወጡ።

እዚህ ላይ ነው የራሴ ነገር የሚመጣው። ሰብሳቢውን ብንቅ ማንም ይንቀዋል። እኔ የናቅሁት እሳቸውን ነው። ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ አጠገባቸው መሄድ ጠልቼ ቀድሜ ሄድሁ። ያ ሁሉ መዳፍ ማሳለፍ፣ ያ ሁሉ ዓይን መጨፈን፣ ለታይታ ነበር ማለት ነው? ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«አበልጄ፣ ሌላው ይቅር፤ እኔን ለምን አታለሉኝ?» አልኋቸው።

«ተይው፣ አበልጄ» አሉ። «ያመመው ፈረሱን ነው። የማን ይሁን የማን፣ ለፈረሱ ምን ያደርግለታል?»

ይኸ የጥፋተኛ መልስ ነው ብዬ በሌላ ሚኒባስ ሄድሁ።

ወሬው እኔን ቀድሞ ዳንግላ ደረሰ። ባለጋሪዎቹ ገጣባው የሚል ስም አወጡላቸው። ጨዋ የሚባሉት ከኋላቸው፣ ባለጌዎቹ ከፊታቸው። በፈረስ የተጣላ ሰው ሌላ ዳኛ ፈለገ። እሳቸው ግን በገበያ ቀን ከጋሪ ማቆሚያው አይጠፉም፤ ጨው የሟሟበት ለብ ያለ ውኃ በጀሪካን ይዘው፣ የፈረሶቹን ጀርባ እየዞሩ ያያሉ፣ ከኮርቻው ሥር ያለውን ድብዳብ አንሥተው የተጎዳውን ያጥባሉ፣ ድብዳቡ የሳሳበትን በራሳቸው ጆንያ ይሰፉለታል። «ያቆሰለ ሐኪም ሆነ» ይሏቸዋል፤ ይሥቃሉ፤ ፈረሱን ግን ለሕክምናው ያቆሙላቸዋል። እኔም ከሚሥቁት ጋር ስቄያለሁ። አንድ ቀን ደሳለኝ ጋሪውን አቁሞ አብሮን ነበር፣ ብቻውን አልሳቀም፤ የክርስትና አባቱ ስለሆኑ ነው ብዬ ወደድሁለት።

ሰባት ፋሲካ በደጃቸው አለፍሁ፣ አልገባሁም። እሳቸው እንኳን አደረሰሽ የሚል ሰው ይልካሉ፤ እኔ እንኳን አብሮ የሚል መልስ ልኬ አበቃለሁ። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ ተገናኝተን ዳንግላ ስትመጪ ለምን አትገቢም አሉኝ። ሰው ሁሉ የሚረግጠው ቤት አይደለም አልኋቸው። የሰማ ሁሉ እጁን በአፉ ጫነ። እሳቸው ግን ጉልበትሽ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እንግዲህ ቀበርናቸው። ሰብሳቢው መጣ፤ አሁን ወፍሯል። የጥበብ ወዳጅ አለ፣ በሥዕሉ ጊዜ አብረን ደከምን አለ፣ ግላሱን የሰቀለው ማን እንደሆነ ግን ረሳ። ሥዕሎቹ ፊንላንድ ሄደው በትልቅ ቤት ተሰቅለዋል፣ ስማችንን አስጠርተዋል ብሎ አስጨበጨበ። በቀብር ላይ የሚያጨበጭብ ሰው አየሁ። ያስጨበጨበው ለየትኛው ቢሆን ነው? ለዚያው በግላስ ለሸፈነው ገጣባ።

በሠልስታቸው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ አንዱ ሽማግሌ ሳያስበው ገጣባው እያለ ጨዋታ ጀመረ። ደሳለኝ ተነሥቶ ወጣ። ተከትዬው ከቤቱ ጓሮ አገኘሁት፤ ትልቅ ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል። የነገረኝን ሁሉ ሰው ፊት ልናገር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ይነበብ፣ እማዬ፤ ስሜ ይጠራ» አለኝ። ስለዚህ ወጣቶቹ እንደተናገርሁት ይጻፉት።

አበልጄ፣ አሁን እርስዎን ነው የማናግረው። ይማሩኝ ልበል እንጂ በየትኛው አፌ እለዋለሁ። በሰብሳቢው አልፈርድም ከእንግዲህ፤ እሱ በጨርቅ የሸፈነውን እኔ በምላሴ ገልጬ ሰባት ዓመት ሰው አሳየሁብዎ። ደጅዎን ንቄ አለፍሁ፤ ደጅዎ ግን አልተዘጋብኝም። ዳንግላ ሁሉ ይስማ፤ ገጣባ ከእርስዎ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ከእንግዲህ ያንን ስም የሚጠራ ቢኖር ወደ እኔ ቤት ይምጣና እዚህ ይጥራው። ደህና ይሁኑ፣ አበልጄ፤ አፈሩ ይቅለልዎ።

ያ ሰማያዊ ጀርባ የደሳለኝ ፈረስ ነበር። ሚስቱ አራተኛውን ልጅ ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበርና ጋሪው አንድ ቀን እንዳይቆም ብሎ በቁስሉ ላይ ይጭንበት ነበር። ቁስሉን ከሁሉ ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነበሩ፤ ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ማለዳ ማለዳ ከእንጅባራ በሚኒባስ እየመጡ ያጠቡለት፣ ለእኔ ለእናቱ እንዳይናገርም ያስማሉት እርስዎ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት እርስዎን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ነው።